«ቻርጅ»፦ የአንድ እንግሊዝኛ ቃል ፍቺዎችና የአማርኛ አቻዎቹ ጥያቄ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በመተርጐም ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ የሚከተሉት ሦስት ጽሑፎች ሊቀርቡለት ይችላሉ። አንደኛው ከለንደን የተላለፈ አጭር ዜና ሲሆን፣ በፖሊስ ተይዞ የቈየ አንድ ሰው «ዊዛውት ቻርጅ» መለቀቁን ይናገራል። ሁለተኛው ከአንድ የጤና ተቋም የወጣ ማስታወቂያ ሲሆን፣ ክትባቱ የሚሰጠው «ዊዛውት ቻርጅ» መሆኑን ይገልጣል። ሦስተኛው ከአንድ መሣሪያ ጋር የመጣ መመሪያ ሲሆን፣ ባትሪው «ዊዛውት ቻርጅ» ለብዙ ወራት ቢቀመጥ እንደሚበላሽ ያስጠነቅቃል። በእንግሊዝኛው ሐረጉ አንድ ነው፤ ፊደሉም ሆነ ድምፁ አይለወጥም። በአማርኛ ግን ሰውየው የተለቀቀው ክስ ሳይመሠረትበት ነው፤ ክትባቱ የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው፤ ባትሪው የሚበላሸው ሳይሞላ ሲቀር ነው። ተርጓሚው ተቻኵሎ ሁለተኛውን አቻ ለመጀመሪያው ጽሑፍ ቢሰጥና ሰውየው «ያለ ክፍያ ተለቀቀ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው በዚያ አገር እስረኛ የሚለቀቀው ገንዘብ እየከፈለ ነው ብሎ መረዳቱ አይቀርም። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን ስለሌለበት ስሕተቱን የሚጠቁም አንዳችም ነገር አይገኝም።

«ቻርጅ»ን ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው በፍቺ ብዛት ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም። በብዛትማ ከሆነ «ራን» እና «ቴክ» የተባሉት ግሦች ይበልጡታል። ነገር ግን የእነዚህ ግሦች ፍቺዎች አብዛኞቹ የሚገኙት በዕለታዊ ንግግር ውስጥ ስለ ሆነ፣ ተርጓሚው ቢሳሳት ብዙውን ጊዜ የሚጐዳው የንግግሩ ለዛ ነው። «ቻርጅ» የሚያዘወትረው ግን ፍርድ ቤትን፣ ሆስፒታልንና ባንክን ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ደግሞ ከተርጓሚው አፍ የሚወጣውን ቃል ተቀምጦ የሚጠባበቅ ሰው አለ። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚያስተረጕሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህም «ቻርጅ» በአማርኛ ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብቻ የሚተው አይደለም።

የቃሉ ታሪክ ለሥራችን ስለሚጠቅም በአጭሩ እንመልከተው። እንግሊዝኛ ቃሉን በ13ኛው መቶ ዓመት የወሰደው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛውም «ካሪካሬ» ከሚል የኋለኛው ዘመን ላቲን ግሥ የወረደ ሲሆን፣ የዚህ ግሥ ፍቺ «በጋሪ ላይ መጫን» ነው። ግሡ የተገኘበት «ካሩስ» የተባለው ስም ሮማውያን ከኬልቶች የተቀበሉት የጋሪ መጠሪያ ነው። ከዚሁ ሥር በስፓኝኛ በኩል «ካርጎ»፣ በጣልያንኛ በኩል ደግሞ «ካሪካቸር» ወጥተዋል፤ የኋለኛው የሰውን መልክ ከልክ በላይ «ጭኖ» የሚያሳይ ሥዕል ማለት ነው። አማርኛ ከዚህ ቤተ ሰብ ካርጎን በአየር መንገድ፣ ካሪካቸርን በጋዜጣ፣ ቻርጅን በእጅ ስልክ በኩል ተቀብሎ በየፊናቸው ሲያሠራቸው፣ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን የሚያስታውስ ተናጋሪ የለም፤ እንዲያስታውስም አይጠበቅበትም።

እንግዲህ የቃሉ እማሬያዊ ፍቺ ጭነት ነው። በሰው ትከሻ ላይ የሚጫነው ነገር ሥራ ሲሆን ኃላፊነት ይሆናል፤ ገንዘብ ሲሆን ዋጋ ወይም ዕዳ ይሆናል፤ በደል ሲሆን ክስ ይሆናል። በጠመንጃ ውስጥ የሚጨመረው ባሩድ፣ ከዚያም በኋላ በብልቃጥ ውስጥ የሚከማቸው ኤሌክትሪክ በዚሁ ስም ተጠሩ። ይህን የተረዳ ተርጓሚ አማርኛም «ጫነ» የሚል ግሥ አለውና ነገሩ ቀላል ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። በእርግጥም «ጫነ» ከእንግሊዝኛው ጋር ጥቂት መንገድ አብሮ ይሄዳል። እህል በአህያ ላይ ይጫናል፤ በቅሎ ይጫናል፤ ቀንበር ይጫናል፤ ካህን እጁን ይጭናል፤ ዛሬ ደግሞ ፕሮግራም በኮምፒዩተር ላይ ይጫናል። «ጫና» የሚለው ስምም ከሰው በላይ የሆነውን ግፊት ይገልጣል። ነገር ግን «ጫነ» ከፍርድ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ይቆማል፤ ከሱቅም ውስጥ አይገባም። ዐቃቤ ሕግ ወንጀል ጫነበት ብንል ሰውየው ያልሠራውን በሐሰት አላከከበት ማለታችን ይሆናል እንጂ ክስ አቀረበበት ማለታችን አይሆንም።

በበኩላችን እንደምናየው ለእንግሊዝኛው ምስል ይበልጥ የሚቀርበው የአማርኛ ግሥ «ጫነ» ሳይሆን «ጣለ» ነው። ግብር ይጣላል፤ መቀጮ ይጣላል፤ ማዕቀብ ይጣላል፤ ኃላፊነት ይጣላል፤ እምነትም ተስፋም ይጣላል። በእነዚህ ሐረጎች ሁሉ አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ ተማኝ ወገን አለ፤ ከእርሱ እጅ የወጣ ነገር በሌላው ላይ ያርፋል። ሆኖም የአማርኛው ነገር በግሡ ብቻ አያልቅም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው «-በት» የሚለው ቅጥያ ነው። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚሉት ሁለት ቃላት ምን ያህል እንደሚራራቁ ለአንባብያን መንገር አያስፈልግም፤ ግሡ አንድ ሆኖ ሳለ የሰውየውን ዕድል የሚለየው ቅጥያው ነው። እንግሊዝኛ ይህ መሣሪያ የለውም። «ቻርጅ» ያለ ሰው የተጣለው ነገር ለተቀባዩ ክብር ይሁን ወይም ጭንቅ አይናገርም። አማርኛ ግን ዝም ማለት አይችልም፤ «ኃላፊነት ሰጠው» ወይም «ኃላፊነት ጣለበት» ብሎ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። አንድ ጉባኤ ኮሚቴውን ሒሳብ እንዲመረምር «ቻርጅ» አደረገው የሚል ቃለ ጉባኤ ሲተረጐም፣ ተርጓሚው የጉባኤውን ስሜት ከቀረው ጽሑፍ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ይህ የእንግሊዝኛው ብዙ ፍቺነት ያመጣው ችግር ሳይሆን የአማርኛው ግልጽነት ያመጣው ችግር ስለ ሆነ፣ በመዝገበ ቃላት ውስጥ አንድ አቻ ቃል በማስቀመጥ የሚፈታ አይደለም።

ወደ ፍርድ ቤት እንግባ። በእንግሊዝና በዌልስ አሠራር አንድ ሰው መያዙ ሌላ፣ «ቻርጅ» መደረጉ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ መሠረት ፖሊስ የያዘውን ሰው በመደበኛ ሁኔታ ክስ ሳይመሠርት ማቈየት የሚችለው ለ24 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ለማቈየት የበላይ ሹም፣ ቀጥሎም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ላይ አንድ ሰው ገና «ቻርጅ» አልተደረገም ሲባል የተጻፈው ቃል በሕግ የታወቀ ደረጃ ነው። ይህን ሰው በአማርኛ ዜና «ተከሳሹ» እያሉ መጥራት ሕግ ያላለውን ማለት ነው፤ «ተጠርጣሪው» መባል ይኖርበታል። በአገራችንም ልዩነቱ እንግዳ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ስለ ተያዙ ሰዎች በአንቀጽ 19፣ ስለ ተከሰሱ ሰዎች ደግሞ በአንቀጽ 20 ለየብቻ ይደነግጋል፤ የተከሰሰ ሰው የክሱ ዝርዝር በበቂ እንዲነገረውና ክሱን በጽሑፍ እንዲያገኝ መብት የሚሰጠው ሁለተኛው አንቀጽ ነው።

ችግሩ በተቃራኒው አቅጣጫም አለ። «ክስ» የተባለው የአማርኛ ቃል ራሱ ፈርጀ ብዙ ነው። ጎረቤቱን በወሰን የሚከስ ገበሬም፣ ነፍሰ ገዳይን የሚከስ ዐቃቤ ሕግም «ከሳሽ» ይባላል። በእንግሊዝኛ ግን «ቻርጅ» በፍርድ ቤት ቋንቋ የወንጀል ነው፤ ለፍትሐ ብሔር ክርክር ሌሎች ቃላት አሉ። አማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ ችሎት ፊት ቀርቦ «ወንድሜን ከስሼዋለሁ» ቢልና አስተርጓሚው «ቻርጅ» በሚለው ቢመልሰው፣ የርስት ክርክር ወደ ወንጀል ተለወጠ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚተረጐም ሰነድ ውስጥ ቃሉ በመጀመሪያ ሲመጣ «የወንጀል ክስ» ተብሎ ቢጻፍና ከዚያ በኋላ «ክስ» ቢባል የተሻለ ይመስለናል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ክስ ሲቀር በእንግሊዝኛ «ጣሉት» ይባላል፤ በአማርኛ ደግሞ «አነሡት» እንላለን። መጣልና ማንሣት ተቃራኒ ሆነው ሳለ በዚህ ነገር ላይ ይገናኛሉ። ነገር ግን «አነሣ» ጥያቄን፣ ነገርንና ቅሬታን ለማቅረብም ስለሚያገለግል፣ «ክስ አነሣ» የሚለው ሐረግ ያለ ዐውዱ ሲነበብ አቀረበ ወይስ ተወ የሚያሰኝ ጥርጣሬ ያሳድራል። «ክሱ ተቋረጠ» ማለት ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል።

ከፍርድ ቤት ሳንወጣ ሁለት ወጥመዶችን እንጠቁም። በአሜሪካ ጋዜጦች ተቃዋሚዎች መንግሥትን «ቻርጅ» ያደርጋሉ ሲባል ችሎት የለም፤ ወቀሳ ወይም ውንጀላ ነው። ቃሉን ተከትሎ የሚመጣው ስም ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ለዚህ ምልክት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች፣ ማለትም ጁሪ፣ ፍሬ ነገሩን በሚወስኑበት ችሎት፣ ዳኛው ክርክሩ ካለቀ በኋላ ጁሪውን «ቻርጅ» ያደርጋል። ይህ ማለት ዳኛው በሚመለከታቸው ሕግ ላይ መመሪያ ሰጥቶ ወደ ምክክር ያሰናብታቸዋል ማለት ነው። ዳኛው የችሎቱን ሰዎች ከሰሳቸው ተብሎ ቢተረጐም ሳቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የጁሪ ሥርዓት ባልተለመደበት አገር የሚኖር አንባቢ ሳቁን ላያገኘው ይችላል፤ እንዲያውም ጉድ ተፈጠረ ብሎ ያምናል።

በገንዘብ ረገድ የቃሉ ተራ አገልግሎት አያስቸግርም። «አስከፈለ» ለግሡ፣ «ክፍያ» ለስሙ ይበቃሉ። ትኩረት የሚያሻው ከባንክ የሚመጣው ደብዳቤ ነው። በአሜሪካ አንድ ሰው የክሬዲት ካርድ ዕዳውን ሳይከፍል 180 ቀን ሲያልፈው ባንኩ ዕዳውን ከንብረት መዝገቡ አውጥቶ በኪሳራ ያስመዘግበዋል፤ ይህም «ቻርጅ ኦፍ» ይባላል። «ኦፍ» የሚለው ደቂቅ ቃል መወገድን ስለሚያመለክት፣ ደብዳቤውን «ዕዳዎ ተሰርዟል» ብሎ መተርጐም ተርጓሚውን ይፈትነዋል። ዕዳው ግን አልተሰረዘም። የተለወጠው በባንኩ መዝገብ ውስጥ የሚጻፍበት ስፍራ ብቻ ነው፤ ባንኩ ወይም ዕዳውን ከባንኩ የገዛ ሌላ ድርጅት ተበዳሪውን መጠየቅ ይችላል፤ ወደ ፍርድ ቤትም ሊወስደው ይችላል። በአንጻሩ አንድ ሰው በኪሳራ ሕግ መሠረት ለፍርድ ቤት አመልክቶ ዕዳው «ዲስቻርጅ» ሲደረግለት፣ በውሳኔው የተሸፈነውን ዕዳ አበዳሪው ከእርሱ ከመጠየቅ በሕግ ይታገዳል። እንግዲህ ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት አንዱ ነጻ ያወጣል፤ ሌላው አያወጣም። ለመጀመሪያው «በኪሳራ የተመዘገበ፣ ያልተሰረዘ ዕዳ» የሚለውን ረዘም ያለ ሐረግ እናቀርባለን። አጭር ስያሜ የሚሹ የሥራ ባልደረቦቻችን ሐረጉ ረዘመ ይሉ ይሆናል። በእኛ አስተያየት «ያልተሰረዘ» የሚለውን ቃል ለማሳጠር ሲባል ማውጣት አይገባም፤ ደብዳቤው የደረሰው ሰው ሊያውቀው የሚገባው እርሱን ነውና።

ቀጥለን ወደ ኃላፊነት ፍቺ እንለፍ። እዚህ አማርኛ ከእንግሊዝኛው የከበረ ቃል አለው፤ እርሱም «አደራ» ነው። «ቻርጅ» ለአንድ ሰው የተሰጠን ልጅ፣ ንብረት ወይም ትእዛዝ ሲያመለክት፣ በተለይም በአሮጌው የሃይማኖት እንግሊዝኛ አንዱ ሌላውን በእግዚአብሔር ፊት «ቻርጅ አደርግሃለሁ» ሲል፣ ከ«አደራ» የሚቀርብ ቃል አይገኝም። «አደራ» ሰጪውንም ተቀባዩንም ያስተሳስራል፤ ምስክርም አያሻውም። እንግሊዝኛው ግን ሚዛኑ ከሰጪው ወገን ነው። ስለዚህ «ቻርጅ»ን ሁሉ «አደራ» ማድረግ አይቻልም፤ የመጋዘን ኃላፊነት በፊርማና በቁጥር የሚረከቡት እንጂ የግድ አደራ አይደለም።

ለሰዋስው ተመራማሪ የሚጥመው ግን ሌላ ነገር ነው። «ኢን ቻርጅ ኦቭ» እና «ኢን ዘ ቻርጅ ኦቭ» የሚሉት ሐረጎች የሚለያዩት «ዘ» በምትባለው መስተኣምር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ሞግዚቷ የልጁ ኃላፊ ስትሆን፣ በሁለተኛው ልጁ በሞግዚቷ ኃላፊነት ሥር ይሆናል፤ ማለት የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ከጠባቂነት ወደ ተጠባቂነት ይገለበጣል። ይህችን «ዘ» ሳያይ ያለፈ ተርጓሚ ሕፃኑን በሞግዚቷ ላይ ይሾመዋል።

የመጀመሪያው ሐረግ በሕግ ውስጥ ሲገባም መጠንቀቅ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የብሪታንያ የመንገድ ትራፊክ ሕግ በአንቀጽ 5 ከተወሰነው መጠን በላይ አልኮል ጠጥቶ መንዳትን በአንድ ፊደል፣ ጠጥቶ የተሽከርካሪ «ኢን ቻርጅ» መሆንን ደግሞ በሌላ ፊደል ይከለክላል። ሁለተኛው ሞተር ማስነሣትን አይጠይቅም። ቁልፉን በኪሱ ይዞ በቆመ መኪናው ውስጥ የተኛ ሰው በዚህ ሊከሰስ ይችላል፤ በእርግጥ የመንዳት ዕድል እንዳልነበረ ካስረዳ መከላከያ አለው። ለንደን ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህን ክስ «ጠጥቶ በማሽከርከር» ብሎ ያነበበለት አስተርጓሚ፣ «አላሽከረከርሁም» የሚል መልስ ያሰጠዋል፤ መልሱ እውነት ሆኖ ሳለ ለተጠየቀው ነገር መልስ አይሆንም። «ተሽከርካሪን በቁጥጥሩ ሥር አድርጎ በመገኘት» ቢባል የሕጉን አሳብ ይይዛል።

በዲፕሎማሲ ውስጥ የፈረንሳይኛው ወንድም «ሻርዤ ዳፌር» ሆኖ የቀረ ሲሆን፣ አማርኛ «ጉዳይ ፈጻሚ» በሚል በደንብ አቅንቶታል። እ.ኤ.አ. የ1961 የቪየና ስምምነት ሁለት ዓይነት ጉዳይ ፈጻሚዎችን ስለሚለይ፣ አምባሳደሩ በሌለበት ጊዜ የሚተካው «ጊዜያዊ» የሚለውን ቅጽል ማጣት የለበትም።

ስለ ጦርነቱ ፍቺ ብዙ አንናገርም። በሬ ሰውን፣ ፈረሰኛ ጠላትን «ቻርጅ» ሲያደርግ አማርኛ «ተንደርድሮ ገባበት» ይላል፤ «ጥቃት» የሚለው ቃል ፍጥነቱንና ግርማውን አይሸከምም። እ.ኤ.አ. በ1854 በባላክላቫ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ ቀላል ፈረሰኛ ጦር ያደረገውን ግልቢያ ገጣሚው ቴኒሰን በዚያው ዓመት ሲጽፍበት በርእሱ ያኖረው ይህንኑ ቃል ነው። ስለ ጠመንጃ ግን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። እንግሊዛዊው ጠመንጃን እንደ ጋሪ ሲጭነው፣ የእኛ ሰው እንደ እንግዳ ያጎርሰዋል፤ ጥይት አጎረሰ እንላለን። ምስሉ የራሳችን ነውና መዝገበ ቃላቱ «ሞላ» ወይም «ጫነ» እያለ ሊያደበዝዘው አይገባም።

የኤሌክትሪኩ ፍቺ የመጣው ከዚሁ ከጠመንጃው ጎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ዓመታት የላይደን ብልቃጥ የተባለው መሣሪያ ሲፈለሰፍ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና በዘመኑ የነበሩ ተመራማሪዎች ኤሌክትሪክ ሲከማችበት እንደ ጎረሰ መድፍ ቈጠሩት። የሚደንቀው ግን ፍራንክሊን ራሱ፣ ብልቃጡ «ቻርጅ» ሲደረግ በጠቅላላው የኤሌክትሪኩ መጠን እንደማይጨምር፣ በአንዱ ገጽ የተጨመረው ያህል ከሌላው ገጽ እንደሚቀነስ ማስረዳቱ ነው። ዛሬም የስልክ ባትሪ ሲሞላ የሚከማችበት ኬሚካዊ ጕልበት ነው እንጂ፣ ባትሪው በጠቅላላው አዎንታዊም አሉታዊም ኤሌክትሪክ አይሸከምም። ስለዚህ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠራቸው ሁለት ነገሮች፣ በኩሎምብ የሚለካው የቁስ አካል ባሕርይና ባትሪን የማዘጋጀት ተግባር፣ በእውነቱ ሁለት ናቸው። በሳይንስ ጽሑፎች የሚገኘው «ሙል» የሚለው ስያሜ ለመጀመሪያው የተገባ ነው። ለሁለተኛው «ባትሪ መሙላት» ይበቃል። ሁለቱም ከ«ሞላ» መውጣታቸው ተማሪን ሊያደናግር ስለሚችል፣ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች «የተሞላ ባትሪ ሙል አለው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከመጻፍ ቢታቀቡ መልካም ነው።

ሕዝቡ ግን ስልኩን «ቻርጅ» ያደርጋል፤ «ቻርጀር» ይዋሳል፤ «ቻርጅ አለቀብኝ» ይላል። ይህን ለመከልከል የሚደክም ሰው በከንቱ ይደክማል፤ እኛም አንደክምም። ተውሶ ቃል አንዲት ፍቺ ይዞ ገብቶ በዚያችው ከረጋ ቋንቋውን አይጐዳም። የሚያሳስበን ቃሉ በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ንግግር ውስጥ ከስልክ ወደ ገንዘብና ወደ ፍርድ ቤት ሲሻገር ነው። «ቻርጅ አደረጉኝ» የሚል ሰው ከካርዱ ገንዘብ ተወስዶበት ይሆናል፤ የወንጀል ክስም ቀርቦበት ይሆናል። እንዲህ ሲሆን የእንግሊዝኛው ብዙ ፍቺነት በተውሶ ቃሉ ተሳፍሮ ወደ አማርኛ ገባ ማለት ነው፤ «አስከፈሉኝ» እና «ከሰሱኝ» የሚሉት፣ ከቶ የማይምታቱት ሁለት ቃላት ሥራ ፈት ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ «ቻርጅ»ን በኤሌክትሪክ ፍቺው ብቻ፣ «የንግግር» የሚል ምልክት አድርገን ወደ መዝገበ ቃላት እንድናስገባው፣ በቀሩት ፍቺዎቹ ግን እንዳንቀበለው አሳብ እናቀርባለን።

የመዝገበ ቃላቱ አቀራረብስ እንዴት ይሁን? እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የዎልፍ ሌስላው እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ፍቺ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ማሳየቱ ለእንዲህ ያለ ቃል ትክክለኛው መንገድ ነው። እኛ የምንጨምረው የአገባብ ምልክትን ነው። ግሡ «አት» የሚል መስተዋድድ ሲያስከትል መንደርደር ነው፤ «ፎር» ሲያስከትል ዋጋ ነው፤ «ቱ» ሲያስከትል በሒሳብ ላይ መመዝገብ ነው። «ዊዝ» ሲያስከትል ግን ወንጀልም፣ ተግባርም፣ ኤሌክትሪክም ሊሆን ስለሚችል፣ ከመስተዋድዱ በኋላ የሚመጣውን ስም ሳያነቡ አቻ መምረጥ አይቻልም። ተርጓሚ ቃሉን ባየ ጊዜ ዓይኑን ሁለት ቃል ወደ ፊት እንዲያሻግር መዝገበ ቃላቱ ሊያስለምደው ይገባል።

«ዲስቻርጅ» የራሱ መግቢያ ቃል ይሻል። ጭነትን ማራገፍ ስለ ሆነ ወታደርን ማሰናበት፣ ግዴታን መፈጸም፣ ጥይትን መተኰስ፣ በሴኮንድ የሚያልፈውን የወንዝ ውሃ መጠን ማመልከት፣ እነዚህ ሁሉ የእርሱ ፍቺዎች ናቸው። ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው በሆስፒታል ነው፤ በዚያ ቃሉ የበሽተኛውን መሰናበትም፣ ከሰውነት የሚወጣውን ፈሳሽም ይሰይማልና። በቀዶ ሕክምና ለታከመ ሰው በሚሰጥ አንድ ወረቀት ላይ ሁለቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊገናኙ ይችላሉ። እንግሊዝኛው ከ«ዲስቻርጅ» በኋላ «ዲስቻርጅ» ከጨመረ ሐኪምዎን ይጥሩ ይላል። አማርኛው «ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ከቍስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ከጨመረ ሐኪምዎን ይጥሩ» ይሆናል፤ ልብ ብሎ ላየው እርሱም ቢሆን «ወጣ» የሚለውን ግሥ ሁለት ጊዜ ደግሞታል።